ስለ ሰፈራችን የእግረኛ መንገድ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር






በየዓመቱ በዚህ በዓል ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አንዱ ቆሞ እንዲናገር የቆየ ልማድ ስለ ሆነ፥ ዘንድሮ ዕጣው ለእኔ ደርሷል። ከእኔ በፊት በዚህ መድረክ ላይ የቆሙት ታላላቆቻችን ስለ ትምህርት ጥቅም፥ ስለ መልካም ጠባይና ስለ አገር ፍቅር ብዙ ቁም ነገር ተናግረው አልፈዋል። እነርሱ ያሉትን መልሼ ብናገር ሰሚውን ከማሰልቸት በቀር የምጨምረው ነገር አይኖርም። ስለዚህ እኔ የመረጥሁት ርእስ ከፍ ያለ አይደለም፤ እንዲያውም በጣም ዝቅ ያለ፥ ከእግራችን በታች ያለ ነው። ከዚህ ግቢ በር ወጥተን እስከ ታክሲ መያዣው ድረስ ስለምንረግጠው መንገድ፥ በተለይም ስለ እግረኛው መሄጃ ልናገር እፈልጋለሁ።

«መንገድ ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልገዋል?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ሁለት ጤነኛ እግር ያለው ሰው መንገድን የሚያስታውሰው ሲያደናቅፈው ብቻ ነው።

ከተማችን አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ለእግረኛና ለበቅሎ እንጂ ለመኪና የታሰበች አልነበረችም። ሰፈሩ በየኮረብታው ላይ እንደ ተመቸ ተሠራ፤ መንገዱም በሰፈሩ መካከል ሰው እየረገጠው በራሱ ጊዜ ወጣ። መኪና በመጣ ጊዜ መካከሉ ለመኪናው ተሰጠ፤ እግረኛው ግን የተረፈውን ዳር ይዞ ቀረ። ዛሬም ቢሆን የከተማውን ትራንስፖርት ያጠኑ ባለሙያዎች ከጉዞው ሁሉ ከግማሽ የሚበልጠው በእግር የሚደረግ መሆኑን ይናገራሉ። በመኪና አደጋ ከሚሞቱትም ሰዎች የሚበዙት እግረኞች ናቸው። ይህም ማለት ብዙው ሕዝብ በጥቂቱ ቦታ፥ ጥቂቱ ሕዝብ በብዙው ቦታ ይሄዳል ማለት ነው።

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት በታላላቆቹ ጎዳናዎች ላይ ይህን ነገር እንደ ለወጠው ሁላችንም አይተናል። ስለ ኮሪደሩ ብዙ የሚባል ነገር አለ፤ ቤታቸው የተነሣባቸውም ሰዎች የራሳቸው የሆነ ቃል አላቸው፤ የዛሬው ርእሴ ግን እርሱ አይደለም። እኔ የምለው፥ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ የሚሄድ ሰው ዛሬ ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለው፤ ነገር ግን ያ ሰው የሚኖረው በጎዳናው ላይ አይደለም። የሚኖረው በሰፈር ውስጥ ነው። ከሰፈሩ ካልወጣ ደግሞ ጎዳናው ለእርሱ ሥዕል ነው።

የእኛ ሰፈር በእንጦጦ ተራራ ግርጌ በጉለሌ ስለ ሆነ መንገዱ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ነው። መካከሉ ኮብል ስቶን ተነጥፎበታል፤ ይህም ከቀድሞው ጭቃ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ነገር መሆኑን ወላጆቻችን ደጋግመው ነግረውናል። ዳርና ዳሩ ላይ ግን አንዱ ዘንድ የተሰበረ ሲሚንቶ፥ ሌላው ዘንድ አፈር፥ ሌላው ዘንድ ክዳን የሌለው ዲች ነው። ባለፈው ጥር እኔና ሦስት ጓደኞቼ ሜትር ይዘን ከትምህርት ቤታችን በር እስከ ታክሲ መያዣው ድረስ ለካነው። የእግረኛው መሄጃ በደኅናው ቦታ አንድ ሜትር ያህል ስፋት አለው። የመብራት ምሰሶ በቆመበት ቦታ ላይ ግን ከምሰሶው እስከ አጥሩ ድረስ 45 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ አገኘነው። ዊልቸር ብዙውን ጊዜ ከ65 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። ሒሳቡን ለእናንተ እተዋለሁ።

ሜትር ይዘን የወጣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በትምህርት ቤታችን በ10ኛ ክፍል የሚማር፥ በዊልቸር የሚሄድ አንድ ልጅ አለ። ስሙን እንዳልጠራው ስለ ለመነኝ አልጠራውም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በሒሳብ ከክፍሉ የሚቀድመው የለም፤ በቼዝም ከመምህራን መካከል ሳይቀር ያሸነፋቸው አሉ፤ የእነርሱንም ስም አልጠራም። ቤቱ ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ ጤነኛ ሰው በ10 ደቂቃ ይደርሳል። እናቱ ገና ሳይነጋ ወደ ጉሊት ስለሚወጡ እኛ አራታችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በጧት እየሄድን እናመጣዋለን።

አመጣጣችንም እንዲህ ነው፤ ሁለታችን ከኋላ እንገፋለን፤ አንዱ ከፊት ሆኖ ይስባል፤ አራተኛው የሁላችንንም ደብተር ተሸክሞ ከኋላ የሚመጣውን ባጃጅ ይጠብቃል። የፊተኞቹ ትንንሽ ጎማዎች በኮብሉ መጋጠሚያ ውስጥ እየገቡ ስለሚቀረቀሩ፥ ወንበሩን ወደ ኋላ አዘንብለን በሁለቱ ትልልቅ ጎማዎች ብቻ እንገፋዋለን። ይህ ሲሆን ልጁ የሚያየው ሰማዩን ነው። አንድ ቀን፥ «ከእናንተ ጋር መሄድ ከጀመርሁ ወዲህ ስለ ደመና ብዙ ተምሬአለሁ» ብሎ አሥቆናል። ዲቹን የምንሻገረው ጎረቤት ባስቀመጠልን ሳንቃ ነው። ሳንቃው ዝናብ ሲነካው ይሟልጫል፤ ስለዚህ ዝናብ በጣለ ቀን አንሻገርም። ሌላ መንገድ ስለሌለም በዚያ ቀን እርሱ ከቤቱ ይውላል። በስም መጥሪያውም ላይ «ቀሪ» ተብሎ ይጻፋል። መምህራኑ የሚጽፉት ሌላ ቃል ስለሌላቸው ነው፤ ይሁን እንጂ ልጁ በጧት ተነሥቶ፥ ለብሶ፥ ደብተሩን ይዞ በር ላይ ተቀምጦ ነበር። የቀረው እርሱ ሳይሆን መንገዱ ነው።

ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ በእኛ ሰፈር መንገድ ግን ዕንቁላሉ ከመሰበር አይድንም።

እንግዲህ ይህን ንግግር የማደርግበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው። እኛ አራታችንም ዘንድሮ የምንጨርስ ነን። እግዚአብሔር ቢፈቅድ በመስከረም እያንዳንዳችን በየዩኒቨርሲቲው እንበታተናለን። እርሱ ግን ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ከታናናሾቻችን ተረክበው የሚገፉ አይጠፉም፤ አሁንም ጠይቀውናል። ነገር ግን አንድ ሰው ለመማር በየጧቱ የአራት ሰው ጉልበትና ደግ ፈቃድ የሚያስፈልገው ከሆነ፥ አንዱ ሲታመም፥ ሌላው ሲኰርፍ ትምህርቱ ይቋረጣል። እርሱ ራሱ የሚለው፥ «መንገዱ ደልዳላ ቢሆን በገዛ እጄ እየገፋሁ እመጣ ነበር» ነው። እጆቹ ከእኛ እጅ ይጠነክራሉ።

በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ጊዜ በማርቆስ ወንጌል አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው ጣራ ቀድደው ስላወረዱት ታሪክ ተምረናል። እኛን አራታችንን በዚያ ስም የሚጠሩን አሉ፤ እናመሰግናለን። እኔ ግን ያን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር የምጠይቀው፥ በሩን የዘጉት ሰዎች ለምን ፈቀቅ አላሉም የሚለውን ነው።

መንገዱ የሚያግደው እርሱን ብቻ አይደለም። ከጉልበት ሕመም የተነሣ ቤተ ክርስቲያን መሳም የተዉ እማማዎች በሰፈራችን አሉ። በነጭ በትር የሚሄዱ፥ ክራንች የያዙ፥ ልጅ አዝለው ሌላውን በእጃቸው የሚመሩ እናቶች፥ ጀሪካን በጋሪ የሚገፉ ልጆች አሉ። ለቅሶ በሆነ ጊዜ ሬሳ የተሸከሙት ሰዎች በዚያ ዲች ዳር እንዴት እንደሚንገዳገዱ ያላየ የለም። ዕድሜ ከሰጠንም ሁላችን በዘንግ የምንሄድበት ቀን መምጣቱ አይቀርም።

አንዳንድ ሰው ይህን ጉዳይ እንደ ምጽዋት ይቈጥረዋል። ምጽዋት አይደለም፤ ሕግ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዝዛል። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 ተቀብሏል፤ አገራችንም በ2002 ዓ.ም. አጽድቃዋለች። የዚህ ስምምነት አንቀጽ 9 ለሁሉ ምቹ ሊሆኑ የሚገባቸውን ሲዘረዝር ሕንፃንና ትምህርት ቤትን ብቻ ሳይሆን መንገድንም በስሙ ይጠራል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ የሕዝብ መገልገያ የሆነ ሕንፃ ሁሉ በዊልቸር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች መግቢያ እንዲኖረው በአንቀጽ 36 ደንግጓል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ሰውዬው እስከ ሕንፃው በር ድረስ በምን ይምጣ? ከደጁ የማይወጣ ሰው የባንኩ መግቢያ ቢያምር ምን ይጠቅመዋል?

እኛ አገር ዕድል ያገኙ ሰዎች ምን ሊሠሩ እንደሚችሉ ሩቅ ሳንሄድ ማየት እንችላለን። ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ በወሎ ተወልደው በ5 ዓመታቸው የዓይናቸውን ብርሃን ቢያጡም፥ በሻሸመኔ በካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምረው፥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንተው፥ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። በር ተከፍቶላቸው ነው። ስንቱ ልጅ በየቤቱ በር ላይ ተቀምጦ እንደ ቀረ ግን ማን ቈጠረው?

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ። መልካም የእግረኛ መንገድ ማለት ረቂቅ ነገር አይደለም። ከመንገዱ ጠርዝ ወደ እግረኛው መሄጃ የሚያወጣው ተዳፋት፥ ራምፕ የሚባለው ማለት ነው፥ አንድ ሳንቲ ሜትር ከፍ ለማለት 12 ሳንቲ ሜትር መንደርደሪያ እንዲኖረው ባለሙያዎች ይመክራሉ። ጠርዙ 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ራምፑ 1 ሜትር ከ80 ይሆናል። ይህን የ7ኛ ክፍል ተማሪ ያሰላዋል። በከተማችን የማያቸው ብዙ ራምፖች ግን ከዚህ እጅግ ያጠሩ ስለ ሆኑ፥ ሰውን ከማውጣት ይልቅ ወደ ኋላ ይገለብጣሉ። ለስሙ ያህል የተሠራ ራምፕ ካልተሠራው ይከፋል፤ ሰው አምኖት ይወጣበታልና። ሁለት ዊልቸሮች ተላልፈው እንዲያልፉ ደግሞ 1 ሜትር ከ80 ያህል ስፋት ያስፈልጋል፤ ቦታ ከጠበበ ከዚያ ባነሰም ይቻላል፤ ነገር ግን በመካከሉ ምሰሶ መትከል የለበትም። ዲቹ መከደን አለበት፤ ክዳኑ የብረት ፍርግርግ ከሆነም ጎማና ዘንግ እንዳይዝ ቀዳዳዎቹ ጠባብና ለአካሄዱ አግድም መሆን አለባቸው።

ለዓይነ ስውራን የሚነጠፈው ጐበጥ ጐበጥ ያለበት ንጣፍ በጃፓን አገር ሴይቺ ሚያኬ በተባለ ሰው የተፈጠረ ነው። መጀመሪያ የተነጠፈውም እ.ኤ.አ. በ1967 በኦካያማ ከተማ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አጠገብ ነበር። በእግር ሲረገጥ እንደ መስመር የሚረዝመው «ሂድ» ሲል፥ እንደ ነጥብ የሚሰማው «ቁም፥ ተጠንቀቅ» ይላል። ልብ በሉ፤ ይህ ነገር በዓለም ሁሉ ከመሠራጨቱ በፊት የተጀመረው በአንድ ትምህርት ቤት አጠገብ በአንድ መሻገሪያ ላይ ነው።

በአሜሪካም እንዲሁ ነው። በሚሺጋን ግዛት በካላማዙ ከተማ ጃክ ፊሸር የተባለ፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የአካል ጉዳት የደረሰበት ጠበቃ ነበር። ይህ ሰው ለከተማው ምክር ቤት ስለ አመለከተ፥ እ.ኤ.አ. በ1945 በከተማው መካከል በጥቂት የመንገድ ማዕዘኖች ላይ ለሙከራ ያህል ራምፕ ተሠራ። ከብዙ ዓመታትና ከብዙ ትግል በኋላ ይኸው ነገር እ.ኤ.አ. በ1990 የአገሩ ሁሉ ሕግ ሆነ። ራምፑ ከተሠራ በኋላም የሕፃን ጋሪ የሚገፉ እናቶች፥ ሻንጣ የሚጐትቱ መንገደኞች፥ ዕቃ የሚያመላልሱ ሠራተኞች ሁሉ በእርሱ መሄድ ያዙ። ለጥቂቶች ተብሎ የተሠራው ለብዙዎች ሆነ።

«ገንዘብ ከየት ይመጣል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ተገቢም ጥያቄ ነው። መልሴ አጭር ነው፤ ራምፕ ውድ የሚሆነው የተሠራውን አፍርሶ ሲሠሩት ነው። መጀመሪያ ጠርዙ ሲጣል አብሮ ቢሠራ የሚጨምረው ወጪ ጥቂት ነው። የሰፈራችን መንገድ ከክረምቱ በኋላ እንደሚታደስ ለነዋሪው ተነግሯል። ሥራው ከተጀመረ በኋላ ከምንጮህ፥ ሳይጀመር አሁን ብንናገር ይሻላል። «ዳገቱንስ ምን ታደርጉታላችሁ?» ለሚሉንም፥ ዳገቱን ማንም አያነሣውም፤ እኛን ያስቸገረን ግን ዳገቱ ሳይሆን ዲቹና ምሰሶው ነው እንላለን። በዳገቱ ላይ በየተወሰነ ርቀት ደልደል ያለ ማረፊያና እጅ መያዣ ብረት ቢኖር ለእማማዎቻችንም በቂ ነው።

የቀረውን ደግሞ መንግሥትን ሳንጠብቅ እኛው ልናደርገው የምንችለው ነው። እዚህ ላይ ታላላቆቼን ይቅርታ እየጠየቅሁ እናገራለሁ። ዛሬ ወደዚህ በዓል የመጡ መኪናዎች በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር በእግረኛው መሄጃ ላይ ተደርድረው ቆመዋል፤ ስገባ ቈጥሬ 11 ደርሰው ነበር። ልጆቻችሁ ሁሉ የገቡት በአስፋልቱ መካከል ነው። ቤት የሚያሠሩ ሰዎች አሸዋና ጠጠራቸውን በመሄጃው ላይ ገልብጠው ወራት ያቈዩታል። አንዳንዱም መኪናው ወደ ግቢው እንዲገባ ከበሩ እስከ መንገዱ የሲሚንቶ ጉብታ ይሠራል፤ ለመኪናው ራምፕ ሲሆን ለእግረኛው ግድግዳ ነው።

ስለ ጉሊቶቹና ስለ ጀበና ቡናዎቹ ግን የተለየ አሳብ አለኝ። «እነርሱ ይነሡ» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኔ ከእነርሱ ጋር አልስማማም። አስቀድሜ የነገርኋችሁ ልጅ የደብተሩ ዋጋ የሚወጣው ከጉሊት ነው። እናቱን አስነሥተን ለልጁ መንገድ ብንከፍት ምን አደረግን? ወደ አጥሩ ጠጋ ብለው፥ ቦታው ተሰምሮላቸው ቢቀመጡ ለሁሉም ይበቃል። ይህን ለእናቱ ነግሬአቸው፥ «እኔ እንኳ ለልጄ ለማንም እጠጋ የለ!» ብለው ሥቀውብኛል።

የእድር ዳኞች የሆናችሁ አባቶች እዚህ እንዳላችሁ አይቻለሁ። እድራችን ድንኳንና ወንበር አለው፤ ከሁሉ የሚበልጥ ግን ስም አለው። ተማሪ ደብዳቤ ቢጽፍ ወረቀት ነው፤ እድር ቢጽፍ የሰፈር ቃል ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ስለ ሆነ፥ ለወረዳው የሚቀርበውን ማመልከቻ ከእኛ ጋር እንድትፈርሙልን እለምናለሁ።

በመጨረሻም ለክቡር ርእሰ መምህራችን አንድ ልመና አለኝ። የትምህርት ቤታችን የእግረኛ መግቢያ ሦስት ደረጃ አለው። ደረጃዎቹን ለክተናቸዋል፤ በአንድ ላይ 48 ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ። ስለዚህ የሚያስፈልገው ራምፕ 5 ሜትር ከ76 ነው፤ በግራ በኩል በአጥሩ ሥር ቦታ አለ። ሥዕሉን የሠራው ያው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ሒሳቡንም የሒሳብ መምህራችን አይተውታል። ሲሚንቶና አሸዋ ከተገኘ ጉልበቱን እኛ እንችላለን። ፈተናችንን ጨርሰን ከመለያየታችን በፊት ሠርተን ለመሄድ እንፈልጋለን።

ማመልከቻው በቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት፤ የሚጨመር ካለም ከታች ጻፉበት። በሚመጣው ቅዳሜ ከጧቱ 3 ሰዓት ላይ ደግሞ መንገዱን ከላይኛው በኩል ጀምረን ለመለካት ከትምህርት ቤቱ በር እንነሣለን። ሜትር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ያለን አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በ3 ሜትር ላይ ተሰብሯል።